በእጅ የሚገባው ስንት ነው

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርጉልኝ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ አሁንም አንዳንዱ ፊደል ሲመጣ እጄ ይቆምና ያስባል። መምህራችን «ስለምታውቁት አንድ ሰው ጻፉ፣ በክፍል ውስጥ እናነበዋለን» ስትለን ሌሎቹ ስለ ትልልቅ ሰዎች የሚጽፉ መስሎኝ ፈራሁ። እኔ ትልቅ ሰው አላውቅም። የማውቀው ወንድሜን ነው፤ እሱም ልብስ ተኳሽ ነው። ካላማረላችሁ ዝም ብላችሁ እለፉት፣ አልቀየምም።

ታላቄ ስለሆነ ጋሼ እለዋለሁ። ሰፈሩ ግን «ካውያው» ነው የሚለው። በፊቱም ይሉታል፣ አይከፋውም። «ቢያንስ የጋለ ነገር ነው ያላችሁኝ» ይላል።

ቤታችን፣ ማለት የሥራ ቤታችን፣ መንገድ ዳር ያለች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት የእሱ ጠረጴዛ አለ፣ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ፣ ከላዩ ነጭ ጨርቅ የተወጠረበት። ከጠረጴዛው ኋላ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ የእኔ ቧንቧና ገንዳ ነው። እኔ አጥባለሁ፣ እሱ ይተኩሳል። ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠረው ሽቦ ላይ የሰው ልብስ ተንጠልጥሎ ስለሚውል፣ ደንበኛ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ፊታችንን ሳይሆን እግራችንን ነው። ስንት ዓመት እንዲህ ኖርን። እሱ ኮሌታ ሲተኩስ ሁልጊዜ ከጫፍ ወደ መሃል ነው። ከመሃል ወደ ጫፍ የሚገፋ ሰው ካየ፣ አፉን ይዞ ፊቱን ያዞራል፣ መጥፎ ነገር እንዳየ ሰው።

ቆጣቢ ነው። ስስታም አላልኩም። ሥራ ፍለጋ ለሚሄድ ልጅ ሸሚዙን ተኩሶለት «ስትቀጠር ትከፍለኛለህ» ይላል፤ ከዚያ ይረሳዋል። ግን በከንቱ የሚሄድ ነገር ያመዋል። አንድ ፌርማታ ለማይሞላ መንገድ ታክሲ አይሳፈርም። ለምን ሚስት አላገባህም ሲሉት «ተቆራጩ በዛብኝ» ብሎ ሰውን ያስቃል። እኔ ግን እውነቱን አውቃለሁ፤ እኔንና ታናሻችንን ሲያሳድግ ነው ጊዜው ያለፈው። ይሄን ልጽፍ አልነበረም፣ አመለጠኝ። ይቆይ።

አንዲት አክስት ነበረችን፣ የአባታችን እህት። ወጣት ሆና ነው ባሕር የተሻገረችው። እዚያ በአንድ ሆቴል አንሶላ ስታጥብና ስታጣጥፍ ኖረች። ስትደውልልን «እናንተም ልብስ፣ እኔም ልብስ፣ ምን ዓይነት ዘር ነን እኛ?» እያለች ትስቅ ነበር። ልጅ አልወለደችም። ሞተች ተባለ፣ አለቀስን፣ እንባችንንም ጠረግን። ከዚያ አንድ ቀን አንድ ጠበቃ ከዚያው አገር ደወለ፤ አስተርጓሚ አጠገቡ አስቀምጦ ነው የሚያወራው። አክስታችሁ ያጠራቀመችውን ለሦስታችሁ ትታላችኋለች፤ እንዴት ይላክ ብሎ ጠየቀ።

በዚያው ሰሞን የክፍሏ ባለቤት፣ እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ መጥተው በደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «ልጆቼ፣ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ልጄ ዘንድ ልሄድ ነው። ቤቴንም ይቺን ክፍልም እሸጣለሁ። ይቺን ክፍል ግን ከእናንተ በፊት ለማንም ግዙኝ አልልም» አሉ። ዋጋዋን ነገሩን። ጋሼ አስቦ አስቦ ቀና አለ። የአክስታችን ገንዘብ የሦስታችንም አንድ ላይ ሲሆን ለክፍሏ ልክክ ብሎ ይበቃል። በመንገድ ላይ ከተሸራረፈ ግን አይበቃም። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላ የምጽፈውም የለኝ።

ታናሻችን የሰው ጭነት መኪና ነው የሚነዳው። ድርሻውን ሲጠየቅ ዓይኑን አላሸም። «የእኔንም ጨምሩበት። ከሦስታችን አንዳችን እንኳ የራሱ በር ይኑረው» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ግን እትዬ፣ የእኔን ሸሚዝ ዕድሜ ልክ በነጻ ነው የምታጥቢው» አለኝ። አሁንስ መቼ ከፍሎ ያውቃል።

ከዚያ ወዲያ ጋሼ ነጭ ሸሚዙን ተኩሶ እየለበሰ ባንክ ለባንክ መዞር ጀመረ። «ምስክር ትሆኚኛለሽ» እያለ እኔንም ይጎትተኛል። እኔ እንዲህ ያለ ቤት ስገባ እጄን የት እንደማደርገው ይጠፋኛል። እሱ ግን መስኮቱ ጋ ተጠግቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

«በእጄ የሚገባው ስንት ነው?»

«አባቴ፣ የእኛ ኮሚሽን ትንሽ ናት።»

«ኮሚሽኗን ተያት። ከማዶ መቶ ቢላክ፣ እኔ እጅ ላይ የሚያርፈው ስንት ነው?»

ብዙዎቹ ተናደዱበት። አንዲት ልጅ ግን፣ ጥርሷ ፍንጭት የሆነ፣ ነገሩን ወረቀት ላይ እየሳለች አስረዳችው። የሚልከው ባንክ ይቆርጣል። መሃል ላይ ገንዘቡን የሚያሻግር ሌላ ባንክ አለ፣ እሱም ይቆርጣል። እኛም እንቆርጣለን፣ በምንዛሬው ላይ ደግሞ ሳይታይ የሚሄድ አለ። ለሦስት ሰው ሦስት ጊዜ ቢላክ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል፤ ለአንድ ሰው በአንድ ጊዜ ቢላክ ግን አንዴ ነው። በውጭ ገንዘብ ይምጣ፣ በውጭ ገንዘብ ይቀመጥ፤ የሚመነዘረው በሚፈለግበት ቀን ብቻ ይሁን። ጋሼ ወረቀቱን ተቀብሎ እንደ ሐር ጨርቅ አጥፎ ኪሱ ከተተው። «ይቺ ልጅ የእናቷ ልጅ ናት» አለኝ ስንወጣ።

ጎረቤታችን ጫማ ሻጩም ሰምቶ መጣ። «ካውያው፣ ምን አደከመህ፤ እኔ ያለ ምንም ተቆራጭ በሰው በሰው አስመጣልሃለሁ።»

«ያለ ተቆራጭ?»

«አንዲት ሳንቲም።»

«እንዲህ ያለው ገንዘብስ ራሱ ተቆርጦ ይቀራል» አለው ጋሼ ካውያውን ሳያነሳ። ጫማ ሻጩ ስቆ ሄደ። ልክ ነበር ጋሼ። ሁሉንም ነገር ልክ ነበር ያደረገው፤ ይሄ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

ሒሳቡን በእሱ ስም ልንከፍት ስንሄድ ያቺው ፍንጭት ልጅ ናት የተቀበለችን። ፊርማውን ሦስት ቦታ ፈረመ። የጋሼ ፊርማ እንዲህ በዋዛ የሚፈረም አይደለም። ወጣት ሳለ ማንም እንዳይመስልበት ብሎ የሠራው ነው፤ ዞሮ ይመጣል፣ ራሱን ይቆርጣል፣ በመጨረሻ ጅራቱን እንደ ሽቦ መስቀያ ቆልምሞ ያቆማል። ልጅቷ አይታ ተደነቀች። ከዚያ ቀስ ብላ እንዲህ አለችው፤

«አባቴ፣ ለእህትዎ ውክልና ቢሰጧት አይሻልም? እርስዎ ባይመችዎ እሷ እንድታወጣ። ሰው ነን መቼም።»

«ይከፈልበታል?»

«እዚህ አይደለም፣ ውክልና በሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ነው። አዎ፣ ይከፈላል፤ ቴምብርም አለው።»

እኔ እንኳ «ጋሼ፣ ቢሆንስ ምን አለበት» ብዬ ነበር፣ በቀስታ።

ቀኝ እጁን አነሳና ለሁለታችንም አሳየን። «ይሄ ምንድን ነው? እጄ ይሄውና። የራሴን ገንዘብ ለማውጣት ለሌላ ሰው እጅ ልክፈል?» ልጅቷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

ገንዘቡ መጣ። መልእክቱ በስልኩ ሲገባ ካውያውን አቁሞ፣ ሬዲዮኑን ዘግቶ፣ መጋረጃውን ገለጠና «ሰማሽ? ከተባለው አንዲት አልጎደለም» አለኝ። እጄ ሳሙና ነበር። እንዲሁ በሳሙና እጄ አገጩን ያዝኩት። ሲደሰት ትንሽ ልጅ ይመስላል።

የቀረው ለእማማ መክፈል ነበር። እዚህም ላይ አንድ ነገር አየ። ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ ለመስጠት ተቆራጭ አለ። ወደ ሌላ ባንክ ለማዛወርም አለ። በዚያው ባንክ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ከሆነ ግን ምንም የለም። ስለዚህ እማማን «እዚሁ ባንክ ሒሳብ ይክፈቱና በአንዴ አዛውርልዎታለሁ» አላቸው። እሳቸውም እሺ አሉ፣ ግን ጉልበታቸው ነበር። ዛሬ ያብጣል፣ ነገ ይበርዳል ይሉታል፣ ሳይሄዱ ሰነበቱ።

«ጋሼ፣ ለምን አውጥተን በእጃቸው አንሰጣቸውም?» አልኩት አንድ ቀን።

«ቆይ» አለኝ። «ጉልበታቸው ይሻላቸዋል። ቆይ።»

አንድ ጠዋት ገንዳው ላይ ጎንበስ ብዬ ሳለሁ የሚነድ ጨርቅ ሸተተኝ። ጋሼ በሕይወቱ ልብስ አቃጥሎ አያውቅም፤ ስለዚህ ከጎረቤት መሰለኝ። ከዚያ መጋረጃውን ገለጥኩ። ጋሼ ቆሟል። እጁ ካውያው ላይ ነው፣ ካውያው ሸሚዝ ላይ ነው፣ ሸሚዙ ይጨሳል። ዓይኑ ያየኛል፣ ፊቱ ግን በአንድ በኩል ወርዷል። «ጋሼ» አልኩት። አፉ ተንቀሳቀሰ እንጂ ድምፅ የለውም። ካውያውን ከእጁ ሳስለቅቅ እጁ እንደ እርጥብ ፎጣ ወደቀች። ያቺ ቀኝ እጁ።

ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለን። ጭንቅላቱ ውስጥ ያለ የደም ሥር ተዘግቶ ነው አለ። እግሩ ይድናል፣ እጁ ይቆያል፤ ንግግሩ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል፤ የሚሰማውም ይምታታበታል፣ አትቆጡት አለን። እኔ መቼ ተቆጥቼው አውቃለሁ። ሆስፒታል ከርሞ ሲወጣ አንድ ቃል ብቻ ነበር የመጣለት። «ቆይ።» ውሃ ሲጠማው ቆይ ይላል። ሲጠግብ ቆይ ይላል። ሰላም ሲሉትም ቆይ ነው። በዓይኑ ሌላ ነገር እያለ በአፉ ያቺው ትወጣለች፤ ራሱም ይገርመዋል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደገና ያቺው ናት።

ታናሻችን ፈቃድ ጠይቆ መጣና ጋሼን ደግፈን ባንክ ሄድን። ነጭ ሸሚዙን እኔ ነኝ የተኮስኩለት። ኮሌታውን ከጫፍ ወደ መሃል። ያቺ ፍንጭት ልጅ ስታየው ከወንበሯ ተነሳች፣ ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ገባች። ኃላፊው ራሱ ወጥቶ ወንበር አቀረበልን። ትሑት ሰው ነው። ወረቀት ሰጡት፣ በግራ እጁ እስኪርቢቶውን ያዘ። የፊርማው ጅራት ጋ ለመድረስ ሲታገል ላብ ወረደው። የወጣው ግን ትል የሄደበት ይመስል ነበር።

«እናቴ» አለኝ ኃላፊው፣ «እኔ ባምናችሁም ይሄ ከፊርማው ጋር አይገናኝም። ነገ የምጠየቀው እኔ ነኝ።»

«አሻራስ?» አለ ታናሻችን።

«አሻራ ሒሳቡ ሲከፈት አልተሰጠም። አሁን ያለው መንገድ ውክልና ነው። እዚያ ሄደው በራሳቸው አንደበት ይስጧችሁና እኔ ወዲያው እከፍላለሁ።»

ውክልና የሚሰጥበት መሥሪያ ቤት ብዙ ሰው ነበር። ታናሻችን «አይዞሽ እትዬ፣ የዛሬውን ቴምብር እኔ እከፍላለሁ፣ ለጋሼ እንዳትነግሪው» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ተራችን ሲደርስ መነጽር ያደረገች ሴትዮ ጋ ቀረብን። ጋሼን እንጂ እኛን አላየችም። ደስ አለኝ እንዲያውም፣ እንደ ሰው አናገረችው።

«አባቴ፣ ይቺን ሴት ያውቋታል?»

ጋሼ አየኝ። «ቆይ» አለ።

«እህትዎ ናት?»

ራሱን ነቀነቀ። እፎይ አልኩ።

«በስምዎ ከባንክ ገንዘብ እንድታወጣ ይፈቅዱላታል?»

«ቆይ።»

«አልፈቅድም ማለትዎ ነው?»

ራሱን ነቀነቀ። እንደ ቅድሙ አድርጎ።

«እህቴ፣ እሱ እኮ ለውሃም ቆይ ነው የሚለው» አለ ታናሻችን። «ቆይ ማለቱ እሺ ማለቱ ነው።»

«ወንድሜ፣ እኔ የምጽፈው እሳቸው ያሉትን ነው። አንተ የምትለውን ብጽፍ ነገ ሌላው መጥቶ አባቱን እያስነቀነቀ ቤቱን ይወስድበታል።» እውነቷን ነው። መልሳ ጠየቀችው፣ ቃሉን እየለዋወጠች። ጋሼ ግን ዓይኑን ከእሷ አንስቶ ከበላይዋ ግድግዳ ላይ ተክሏል። እኔም ቀና ብዬ አየሁ። የክፍያ ሰሌዳ ነው፤ የውክልና ይህን ያህል፣ የቴምብር ይህን ያህል የሚል። ያነበው ይሁን ወይም እንዲሁ ያየው እንጃ። «ቆይ» አለ ወደ ሰሌዳው በግራ እጁ እያሳየ። «ቆይ፣ ቆይ።»

«ዋጋ ሊከራከር ነው» አለ ታናሻችን። ሊስቅ ሞክሮ ፊቱን ወደ ወንበሮቹ አዞረ።

ሴትዮዋ መነጽሯን አወለቀች። «ፍርድ ቤት ነው ያለው። የሐኪም ማስረጃ ታቀርባላችሁ፣ እሳቸውን የሚወክል ሰው ይሾማል። ወራት ይወስዳል፤ ግን ይሆናል።»

«ክፍሏ እኮ እስከዚያ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ክፍሏን እሷ ምን ታውቃታለች።

እማማ ያን ቀን ከሰዓት መጡ። ነገሩን ሁሉ ያውቃሉ፤ ሲጠብቁን ነው የሰነበቱት። አሁን በዱላ ናቸው። ጋሼ በደንበኛ ወንበር ላይ ስለተቀመጠ እሳቸው የተገለበጠ ገንዳ ላይ ተቀመጡ። ሌላ ገዢ አለ፣ ገንዘቡን ይዞ የቆመ። ልጃቸው ያዘጋጀችላቸውን ክፍል ለሌላ ሰው ልታከራየው ነው ካልመጡ። የሚሄዱት በዚህ ገንዘብ ነው። መሬት መሬት እያዩ ነገሩኝ።

«ጉልበቴ ነው ጥፋተኛው። ያኔ ሄጄ ቢሆን» አሉ።

«አይበሉ እማማ።»

ወደ ጋሼ ዞሩ። «ልጄ፣ ምን ትለኛለህ? ልሽጣት?»

«ቆይ» አላቸው።

ደህናውን እጁን ይዘው ደባበሱት። «ቆየሁ እኮ ልጄ» አሉት። «ስንት ቆየሁልህ።»

ከዚያ ተነሱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ሊያዩን ፈልገው ተዉት። እኔ ላለቅስ ወደ መጋረጃው ኋላ ገባሁ፤ ቧንቧውን ከፈትኩት፣ እንዳይሰማ። ውሃው እንዲሁ ሲፈስ ትዝ አለኝና ዘጋሁት፤ ጋሼ ውሃ በከንቱ ሲሄድ አይወድም።

ማታ ታናሻችን ወደ መኪናው ከመመለሱ በፊት በሩ ላይ ቆሞ «የሚገርመው እኮ ገንዘቡ አለ፤ አንዲት አልጎደለም» አለ። ጋሼ ይህን ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ግማሹ ፈገግ አለ። ተረድቶ ይሁን ሳይረዳ አላወቅንም።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው በሩን ከፈትኩ። ጋሼን ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት፣ ሬዲዮኑን ከፈትኩለት። ካውያውን ሰካሁና ጣቴን በምራቅ አርሼ ሞከርኩት፣ እሱ እንደሚያደርገው። የሠርግ ሸሚዞች ነበሩብን። ሁለተኛውን ሳልጨርስ ገዢው መጣ። ደህና ሰው ይመስላል፤ «እንደምን አደራችሁ» አለ። ከኪሱ ሜትር አወጣ። ግድግዳውን ሊለካ ፈልጎ ነው፣ የሚደረድረው መደርደሪያ አለው። ብቻውን ስለሆነ ጫፉ ያመልጠዋል፤ ሁለት ጊዜ ሞከረ፣ ሁለቴም ተጠቅልሎ ተመለሰበት።

«እናቴ፣ ካላስቸገርኩሽ ጫፉን ትይዢልኝ?» አለኝ።

«ቆይ» አለ ጋሼ ከወንበሩ።

ሰውዬው ቆመ፣ ጠበቀ። ከጋሼ ሌላ ቃል አልመጣም። ካውያውን አቆምኩት፣ እጄን በሽርጤ ጠረግኩና ጫፉን ያዝኩለት።